ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ጭልፋዎች

ሐኪሙ ለአባትየው ያዘዘው መድኃኒት ሦስት ዓይነት ነበር፦ አንዱ ጠዋት የሚዋጥ፣ አንዱ ማታ የሚዋጥ፣ ሦስተኛው «ዘና ማለት» የሚባል። ሁለቱን ፋርማሲስቷ ልጁ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት አመጣችለት። ሦስተኛው ግን በየትኛውም መደርደሪያ ስለማይገኝ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረና፣ እሑድ ዕለት ሐይቅ ዳር ካለው የአትክልት ቦታ ምግብ ቤት ሄዶ እንዲዝናና ተወሰነለት። ፊቱን ላየው ግን የተወሰነለት ሳይሆን የተፈረደበት ይመስል ነበር።

ሰውየው የምግብ ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ወጥ ቤት እየገባ ማቀዝቀዣ ከፍቷል፣ የድስት ቂጥ ገልብጦ አይቷል፣ «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳያምን ጽፏል። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የኮት ኪስ እሱ የምግብ ሙቀት መለኪያ ስለሚሰካ፣ ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ቴርሞሜትር» ይለዋል። ጉቦ አይበላም። ጉቦ አለመብላቱስ ደግ፣ ጉቦ ያልሆነውንም አይበላም። ተቆጣጣሪ በሚቆጣጠረው ቤት አፉን አይከፍትም የሚል ደንብ አለ፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ እሱ የማይቆጣጠረው ቤት ጥቂት ነው። አማቱ ይህን ባሰቡ ቁጥር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ፣ የሚመለከተው ጆሮ ሳይሰማው እንዳይቀር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እንዲህ ያለውን ሰው ዘና በል ብሎ ምግብ ቤት መውሰድ፣ የትራፊክ ፖሊስን ዕረፍት ውጣ ብሎ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወንበር እንደማውጣት ነው።

ሐሳቡን ያመጣችው ልጅቷ ራሷ ነች። ስታመጣውም አውቃ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤትም ሼፍም አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የወደደችው፣ ሊያገባት የሚፈልግ፣ እሷም ልታገባው የምትፈልግ ሰው ነው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። የሚያከብደው አባቷ እራት ላይ የሚደጋግማት አንዲት ንግግር ነች፦ «ልጄን ለዘፋኝ እሰጣለሁ። ለወታደርም እሰጣለሁ። ለምግብ ቤት ሰው ግን አልሰጥም፤ ጓዳቸውን አይቼዋለሁ።» ሼፉም በበኩሉ ሌላ ግትር ነው። አባትሽ በፊት በር ካላስገቡኝ በጓሮ አልገባም፣ እስከዚህ እሑድ ካልነገርሻቸው ሰኞ ቢሯቸው ሄጄ ራሴ እነግራቸዋለሁ ብሏታል። በሁለት ግትር ወንዶች መካከል የተገኘች ሴት ዘዴ እንጂ እንቅልፍ የላትም።

ይባስ ብሎ ሐይቅ ዳሩን ይቆጣጠር የነበረው ሰውዬ እንደተጠበቀው ጡረታ ወጣና አካባቢው ከወር በፊት በአባቷ እጅ ገባ። ዛሬ ለመዝናናት ባይመጣ ነገ ለሥራ መምጣቱ አይቀርም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እሷም እስኪደርስ ከምጠብቀው እኔው ይዤው ልምጣ አለች።

ምሥጢሩን የምታውቀው እናቷ ብቻ ነች። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለኖረች አፍ መዝጋት ሙያዋ ነው። አያቷ፣ ማለትም የአባቷ አማት፣ ግን ምንም አልተነገራቸውም። ለአያቷ አንድ ነገር ሹክ ማለት ለሬዲዮ ጣቢያ መስጠት መሆኑን ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ልጅቷ ባዶ እጇንም አልነበረችም። ትንሽ ሳለች የቤት ሥራዋን የምትሠራው አባቷ ከመሥሪያ ቤት በሚያመጣቸው የተበላሹ ቅጾች ጀርባ ላይ ነበር። ጀርባው ሲያልቅባት ፊቱን ታነባለች። ሌላው ልጅ የማባዛት ሠንጠረዥ በሚሸመድድበት ዕድሜ እሷ የቁጥጥሩን ስልሳ አራት ጥያቄ ሸመደደች። እንዲህ ያለ ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም የገባት ከአራት ወር በፊት ነው። ሦስት ቀን ከሥራ መልስ ስልኩን ይዛ ቁጭ ብላ፣ ከአንድ እስከ ስልሳ አራት ለሼፉ አነበነበችለት። እሱም ጻፈ። አባቷ በሥራም መጣ በዕረፍት፣ ቅጹ ላይ ያለውን ሁሉ አሟልቶ ያገኘዋል፤ አሟልቶ ሲያገኘው ደግሞ ይወደዋል። ዕቅዱ ይህ ነበር። ዕቅድ ጥሩ ነገር ነው፣ እስኪጀመር ድረስ።

ዘና ማለቱ የተጀመረው መኪና ውስጥ ነው። አባቷ አሮጌዋን መኪና እየነዳ፣ ያለፉትን ምግብ ቤት ሁሉ በስሙ ሳይሆን በጥፋቱ እየጠራ አስጎበኛቸው። እዚህ በረሮ፣ እዚያ የፈነዳ የፍሳሽ ቱቦ፣ ያ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ሁለት ጊዜ የታሸገ። ልጆች ይዘው በየበሩ የሚገቡትን ቤተሰቦች እያየ ምስኪኖች እያለ አንገቱን ነቀነቀ። እናቷ ዛሬ እኮ ዕረፍት ላይ ነህ አለችው። እሱም ስለሆነ አይደል እንዴ ሳልቆም የማልፈው አላት። አያቷ ከኋላ ወንበር ሆነው ምግብ የሚባል ነገር መቼ እንደሚበላ ጠየቁ፤ ከቤት ከወጡ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ምግብ ቤቱ አንድ የመዝናኛ ቦታ ሊያሟላ የሚገባውን ሁሉ ያሟላ ነበር። በሩ ላይ «ጸጥታ የሰፈነበት የቤተሰብ መዝናኛ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከሰሌዳው ሥር ጸጥታውን ለሁሉም የሚያዳርስ ቁመቱ የሰው ቁመት የሚያህል ድምፅ ማጉያ ቆሟል። ሣሩ ላይ የተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች እግራቸው ርጥብ አፈር ውስጥ ስለሚሰምጥ፣ የተቀመጠ ሰው ቀስ በቀስ እያጠረ ይሄዳል። የሐይቁ ነፋስ ደስ ይላል፣ ሶፍቱን ከነማስቀመጫው ይዞት እስኪሄድ ድረስ። ዳክዬዎቹም እንግዳ መቀበል ያውቃሉ፤ አያቷ ገና ሳይቀመጡ አንዱ መጥቶ ጫማቸውን ቀመሰ።

አስተናጋጇ ማን እንደመጣ ሳይነገራት አልቀረም። ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ወለወለችው፣ ሦስተኛውን አባቷ እያያት። ዓሣ ጥብስ፣ ሾርባ፣ ድንችና ሰላጣ ታዘዘ። አባቷ የፈላ ውሃ ብቻ አለ። ውሃው ሲመጣ መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ ነከረውና ቁጥሩን አየ፤ ከዚያ ለማንም ሳይናገር መልሶ ሰካው። ልጅቷ ሐይቁን የምታይ መስላ ወጥ ቤቱን ታያለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሼፉ ነጭ ልብስ ብልጭ ይልና ይጠፋል።  እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ ዳክዬ መሐል ተቀምጣ፣ ሰው እንደዚህ ሊፈራ እንደሚችል አታውቅም ነበር።

«እጄን ልታጠብ» ብሎ አባቷ ተነሣ።

እናቷ የባሏን ትታ የልጇን ሹራብ እጀታ ያዘች። ልጅቷም ደረስኩ ብላ ተከተለችው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ ሰውየው የእጅ መታጠቢያውን ሦስት ቧንቧ አንድ በአንድ አልፎ፣ «ከሠራተኛ በስተቀር መግባት ክልክል ነው» የሚለውን በር እንደ ቤቱ በር ገፋው።

ሼፉ ዓሣ እየገለበጠ ነበር። ቀና ብሎ እንኳን ደህና መጡ አለና ወደ መጥበሻው ተመለሰ፤ ዓሣ ለእንግዳ ብሎ ከማረር አይቆይም። አባቷ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መዞር ጀመረ። ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ ሥጋው ከታች፣ የበሰለው ከላይ፣ ሁሉም ቀን ተጽፎበታል። መክተፊያዎቹ በየቀለማቸው ተለይተዋል። የቆሻሻ መጣያው በእግር የሚከፈት ነው። ወለሉ ላይ አንድ የሽንኩርት ልጣጭ እንኳ ቢኖር ልጅቷ እፎይ ትል ነበር፤ የአባቷ ፊት እየጠቆረ ሲሄድ አይታዋለችና።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ከሁለት አንዱ ነው» አላት። «ወይ እዚህ ቤት ምግብ አይበስልም፣ ወይ እንደምመጣ ሰው ነግሮታል።»

እሷ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። እሱም መዞሩን ቀጠለና ምድጃው አጠገብ ካለው ግድግዳ ፊት ሲደርስ ቆመ። ቆሞም ቀረ።

ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ጭልፋ በመጠን በመጠናቸው ተሰቅሏል። ዘጠኙም ጎድጓዳቸውን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባቸውን ወደ ሰው አድርገው ነው የተሰቀሉት። ልጅቷ ምኑ እንደገረመው አልገባትም። ጭልፋ እንዲህ ነው የሚሰቀለው፤ ቤታቸውም እንዲህ ነው፣ ቅጹም ላይ ሠላሳ ሰባተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል።

እሷ የማታውቀው ነገር፣ ያን ቅጽ መሥሪያ ቤቱ ከቀየረው ስድስት ዓመቱ መሆኑን ነው። አዲሱ ቅጽ አርባ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ሠላሳ ሰባተኛውን በወጣትነቱ ሐሳብ አቅርቦ ያስገባው አባቷ ራሱ ነበር። ቅጹ ሲታደስ ኮሚቴው ጥያቄው ላይ ደረሰና ሳቀ። አንዱ ባልደረባው ጭልፋዎቹ ምን አጥፍተው ነው ፊታቸውን አዙረው የሚቀጡት ብሎ ጠየቀ፤ ተሰረዘ። በዚያን ቀን አባቷ ቤቱ ገብቶ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ጥያቄው ቅጹ ላይ ሳለም የትኛውም ምግብ ቤት ተገዶበት አያውቅም ነበርና፣ ከራሱ ቤት በቀር ጭልፋ ፊቱን አዙሮ የሚሰቀልበት ቤት እስከ ዛሬ አላየም።

«እነዚህን እንዲህ ስቀል ያለህ ማነው?» አለ።

ሼፉ ዓሣውን ከመጥበሻው አወጣ፣ እሳቱን አጠፋ፣ እጁን ጠረገ። መዋሸት ይችል ነበር። ልጅቷ በዓይኗ ዋሽ አለችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ከሁለቱ ጎን ይህም ሰውዬ መጻፍ ነበረበት።

«ልጅዎ ነች» አለ።

አንድ ቃል ሁለት ዓመት የተደበቀውን ነገር እንዲህ ዘርግፎ አወጣው። ማራገቢያው ከላይ ይጮኻል፣ ውጭ ድምፅ ማጉያው ጸጥታውን ያሰራጫል። አባቷ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

የጠየቃት ስለ ቅጹ ነበር። እሷ ግን የምትጠብቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ «ሁለት ዓመት ሆነን» አለችው።

 አባቷ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ወጥ ቤቱን ደብቆበት፣ በጓሮ በር የተበላሸ ሥጋ ሲያሸሽበት መኖሩን፣ አንድ ቀን ግን ከገዛ ቤቱ ፈተና ተሰርቆ ለተፈታኝ ይሰጣል ብሎ አለማሰቡን ነገራት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከሐፍረቱ ንዴቱ በለጠ።

«አዎ ሰርቄ ሰጠሁት» አለች። «ምን ላድርግ? ሌላው አባት ሰውየው ማነው፣ የማን ልጅ ነው ብሎ ይጠይቃል። አንተ የምትጠይቀውን የማውቀው ከዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እንድትወደው ፈለግሁ፣ አባዬ። በቃ ይኸው ነው።»

ሼፉ በመካከላቸው መግባት ይገባው አይገባው አላወቀም፤ ገባ። ሲጽፍ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ መሳቁን ሳይደብቅ ተናገረ። ኋላ ግን በነጋታው ጭልፋዎቹን ሲያያቸው ልክ ሆኖ አገኘው። «ፊታቸው ወደ እኛ ሲሆን አቧራውም ዝንቡም የሚያርፈው ወጡን በምናወጣበት ላይ ነው። ሃያ ዓመት ምግብ ስሠራ አንድም ሰው ይህን አስቦ አያውቅም» አለ። «ማን እንዳሰበው ግን አልነገረችኝም።»

አልነገረችውም፣ እሷም አታውቅማ።

 አባቷ ትልቁን ጭልፋ ከመስቀያው አወረደና ከኋላው የነበረውን ግድግዳ ተጠግቶ አየ። ነጩ ቀለም ላይ የጭልፋው ከንፈር ያረፈበት ግራጫ ቀለበት ተስሏል። ጣቱን አዞረበት። ሁለተኛውን አወረደ፣ ሦስተኛውን አወረደ፤ ከሁሉም ጀርባ ቀለበት አለ። ብረት ቀለም ላይ እንዲህ ያለ ምልክት በአንድ ሳምንት አይተውም። ለእንግዳ ተብሎ ትናንት የተሰቀለ ጭልፋ ግድግዳ አያቆሽሽም። ይህን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም። ጭልፋዎቹን በየቦታቸው፣ ፊታቸውን አዙሮ፣ መልሶ ሰቀለና ወጣ።

ጠረጴዛው ላይ ምግቡ ቀርቧል። ሰው ግን አልነካውም፣ ከአያቷ በቀር። እናቷ የልጇን ፊት ስታይ መርፌው ከአፏ ወደቀና ሁሉንም ለአያቷ ሹክ አለች። አያቷ ዓሣውን ከአጥንቱ እየለዩ አዳመጡ። «ታዲያ ምኑ ነው የሚያስለቅሳት?» አሉ። «ገጣሚ ልታገባ ነው ብትሉኝ አብሬ አለቅስ ነበር። ይኸኛው እንኳ ቢያንስ አያስርባትም።»

አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ሰመጠ፣ እሱም ሰመጠ። የመሥሪያ ቤቱን ደብተር ከኮቱ አውጥቶ መነጽሩን አደረገ። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ደብተሩን ምን ሊያደርግበት ይዞ እንደመጣ የጠየቀው የለም፤ ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነበር። ከዚያ ደብተር ተቀድዶ የወጣ ወረቀት የስንቱን በር እንዳሳሸገ ያውቃሉ። ሼፉ ከወጥ ቤት ወጥቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። አስተናጋጇ ድምፅ ማጉያውን ዘጋችው፤ ሰሌዳው የሚለው ጸጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈነ።

አባቷ ረጅም ጊዜ ጻፈ። የሆነ ቦታ ላይ ሰረዘ፣ አሰበ፣ እንደገና ጨመረ። ልጅቷ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ በሐሳቧ ጨርሳለች። ሼፉ ምግብ ቤቱን ያጣል፣ እሷም እሱን ታጣለች፤ እሱ ባይሄድ እንኳ በእሷ ምክንያት የተዘጋበትን በር እያየ እንዴት ይወዳታል? አባቷንም ታጣዋለች፣ ይቅር ልትለው አትችልም። ሐይቁን አየች። ሐይቁ ምንም አልመሰለውም።

ወረቀቱ ተቀደደ። አባቷ ለሼፉ ዘረጋለት። ሼፉ አነበበ፣ ግራ ገባው፣ እንደገና አነበበ።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለ። «ተዘጋሁ ማለት ነው?»

ልጅቷ ከእጁ ቀማችው። የማሸጊያው ቅጽ አልነበረም። ከደብተሩ መጨረሻ ያለ፣ ስልሳ አራቱን ጥያቄ በቃሏ የምታውቀው እሷም አይታው የማታውቀው ቅጽ ነው። ተቆጣጣሪ የዘመዱን ቤት መቆጣጠር አይፈቀድለትም፤ ዘመድ ሲኖረው ያን ቅጽ ሞልቶ አካባቢውን ለሌላ ሰው ያስረክባል። አባቷ በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሞልቶት አያውቅም። የታተመው እንዲህ ይላል፦ «ከድርጅቱ ባለቤት ጋር ባለኝ / በሚጠበቅ ዝምድና ምክንያት ይህን ቤት ከዛሬ ጀምሮ መቆጣጠር አልችልም።» «ባለኝ» የምትለዋ ቃል በእስክሪብቶ ተሰርዛለች። «በሚጠበቅ» ከሥሯ ተሰምሮባታል፣ እንደ አባቷ ልማድ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ።

ከሥሩ «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር አለ። እዚያ ላይ በእጅ ጽሑፉ እንዲህ ብሎ ሞልቶታል፦ «በእኔ ቦታ የሚመደበው ተቆጣጣሪ ጥብቅ ሰው ይሁን። ልጄ ከዚህ ቤት ትበላለች።»

ልጅቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለሦስተኛ ጊዜ ልታነበው ስትል ፊደሉ አልታይ አላት። አባቷ መነጽሩን አወለቀና አስተናጋጇን በእጁ ጠርቶ አንድ ትርፍ ሳህን እንድታመጣለት ጠየቃት።